የማለዘብ ፈቃድ

በ2069 ዓ.ም. ሚያዝያ አጋማሽ ላይ የሰፊ በር የሕዝብ አዳራሽ ለ«አንደበት የተናጋሪዎች ወኪል» የላከው ዘገባ እንደ ወትሮው አንድ ገጽ ነበር። ተናጋሪ፦ ደራሲና አክቲቪስት ያፌት በላይነህ። ታዳሚ፦ ስድስት መቶ አርባ። ጭብጨባ፦ ሰባት ጊዜ። የአድማጭ እርካታ፦ ከመቶ ዘጠና ሰባት። የጉዞ አዘጋጇ ሶልያና ባሮክ ዘገባውን አንብባ ለአለቃዋ አስተላለፈች፤ ከዚያም የከተማዋን ማስታወቂያ ከፈተች። ንግግሩ ከተደረገ በሦስተኛው ቀን ከሰፊ በር ነዋሪ ከመቶ ዘጠና አንዱ የጉድጓዱን ውል ፈርሟል።

ያፌት ከከተማ ከተማ የሚዞረው ይህ ውል እንዳይፈረም ለመለመን ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ጉድጓድ ሲያስቆፍር የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ «ስንት ክንድ ቀረ» የሚል መጽሐፍ ጻፈ። በመጽሐፉ የእያንዳንዱን ከተማ ጥልቅ ውሃ ለክቶ፣ ውሉን የሚያስፈርመው ኩባንያ ማሽኖቹን ለማቀዝቀዝ መሳብ ከጀመረ ውሃው በስንት ዓመት እንደሚያልቅ በቁጥር አስቀምጧል። ለአብዛኞቹ ዘጠኝ ዓመት ነው። ኩባንያው በምላሹ ቧንቧ የሚያስገባበት ውል ግን የአርባ ዓመት ነው፤ አንዴ ከተፈረመ ደግሞ አይፈርስም። እስካሁን አሥራ አንድ ከተማ ዞሯል። አሥራ አንዱም አዳራሽ ሞልቶለታል፣ አሥራ አንዱም ከተማ ቆሞ አጨብጭቦለታል፣ አሥራ አንዱም ፈርሟል።

ሶልያና በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አክቲቪስት የሆነ ደራሲና ተናጋሪ ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል፤ ስለ ስፌት ፋብሪካ ሴቶች የምትሟገተው፣ ስለ ዓሣ የሚጮኸው፣ መንገድ ላይ የሚቆረጥ ዛፍ ባየ ቁጥር የሚያለቅሰው ሽማግሌ። አዳራሽ ትይዛለች፣ አልጋ ታስይዛለች፣ መጽሐፍ የሚፈረምበትን ጠረጴዛ ታዘጋጃለች። ማስታወቂያ አትጽፍም፤ ማስታወቂያ መጻፍ የቀረ ነገር ነው። የተናጋሪውን ስምና ቀኑን ብቻ ትልካለች፣ የቀረውን የያንዳንዱ ሰው ጉትቻ ለባለቤቱ እንደሚስማማው አድርጎ ይነግረዋል። አንዱ የሳቅ ምሽት አለ ተብሎ ይመጣል፣ ሌላው ጉባኤ ነው ብሎ ይመጣል። ዋናው መምጣታቸው ነው።

ጉትቻውን ያወጡት ባለሙያዎች ረጅም ስም ሰጥተውት ነበር፤ ሰዉ ግን ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ስለሆነ ጉትቻ አለው፣ ስሙም በዚያው ጸና። ወደ ጆሮ የሚገባውን ሁሉ ባለቤቱ ሊሸከመው በሚችለው ልክ ያለዝባል። ስድብ ምክር ሆኖ ይገባል፣ ምክር ምስጋና ሆኖ ይገባል። ጉትቻ ያላደረገ ሰው ሸሚዝ ሳይለብስ የወጣ ነው የሚመስለው። ጉትቻዎቹ የሚታዘዙት ኩባንያው በውሃ ከሚያቀዘቅዛቸው ከእነዚያው ማሽኖች ነው፤ ይህን ያፌት በመጽሐፉ ገጽ መቶ አርባ ላይ ጽፎታል፣ ማንም ልብ አላለውም።

የአዳራሽ ንግግር ባለቤቱ ሳይፈቅድ እንዳይለዝብ ሕግ ስለሚከለክል፣ በአዳራሽ የሚናገር ሰው አስቀድሞ «የማለዘብ ፈቃድ» ይፈርማል። ፈቃድ የሌለበትን ንግግር መድን ሰጪዎች አይሸፍኑም፣ መድን የሌለውን ንግግር አዳራሽ አይቀበልም። ለእያንዳንዱ አድማጭ ምን እንደገባ ደግሞ ማንም ሊያይ አይችልም፤ የሰው ጆሮ የግሉ ነው ይላል ሕጉ። ለወኪሉ የሚደርሰው የእርካታው ልክ ብቻ ነው።

ያፌት ጉትቻ አያደርግም። የመጀመሪያ ቀን ቢሮዋ ሲመጣ ውክልናውን እየፈረመላት፣ «አንዲት ቃሌ እንዳትለዝብ» ብሏት ነበር። እሷም «እሺ» አለችው። ከዚያ አሥራ ሁለት አዳራሾች ጠየቀች፣ አሥራ ሁለቱም ያለ ፈቃድ አንቀበልም አሏት። ከምንም ይሻላል ብላ በውክልናው ፈረመች። ለዝቦም ቢሆን የሆነ ነገር ይደርሳል፣ ጨው ውሃ ውስጥ ቢሟሟም ጨውነቱ አይጠፋም ብላ ራሷን አሳመነች። አላሰበችበትም አይባልም፤ አስባበት ነው የፈረመችው።

ከሰፊ በር ሲመለሱ መኪና ውስጥ ያፌት እንደ ልማዱ ጉትቻዋን እንድታወልቅ ጠየቃት፤ ከለዘበ ሰው ጋር አላወራም ይላል። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«ሶልያና፣ ሰው ቤትህ ሊቃጠል ነው ሲሉት ያጨበጭባል?»

«እንዴት ነው ጋሽ ያፌት?»

«ልጆቻችሁ እንስራ ተሸክመው ይሰደዳሉ አልኳቸው። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮ ፈገግ አለች። ፈገግ ነው የምልሽ።»

«እውነት ስትሰማ ደስ ብሏት ይሆናላ።»

«እውነት ሰምቶ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም።» መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «መጀመሪያ አልገባቸውም ብዬ ነበር። አሁን ግን ገብቷቸዋል እያልኩ ነው። ይሰማሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ሄደው ይፈርማሉ። ፈሪዎች ናቸው። አዲስ መጽሐፍ ጀምሬያለሁ፤ ስለዚሁ ነው። ስለ እነሱ ፍርሃት።»

ሶልያና መስኮቱን ስታይ ቆየች። አፍራ ነበር፤ እፍረቱ ጆሮዋ ድረስ ሞቃት። ልንገረው ብላ አፏን ከፍታ ስለ ምሳ ጠየቀችው።

ከዝርዝሩ የቀረው አሥራ ሁለተኛው ከተማ ዋርካ ሜዳ ነበር፤ የተወለደችበት። ፊርማው ለእሑድ ተቆርጧል። አባቷ አቶ ባሮክ እዚያው ናቸው፣ የሚጠጡትም ከዚያው ጉድጓድ ነው። ፈቃድ የመፈረሙ ተራ የዋርካ ሜዳ ሲሆን የሶልያና እጅ ታሰረ። የሌላውን ከተማ ፈቃድ ስትፈርም የሰው ፊት አይታያትም ነበር፤ የዋርካ ሜዳን ወረቀት ስትከፍት ግን አባቷ ባዶ ጀሪካን ይዘው ታዩአት። አልፈረመችም። አዳራሹን ሰረዘችና ሐሙስ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ አባቷ ሄደች።

አቶ ባሮክ የሰባ አራት ዓመት ሰው ናቸው፣ የከተማው እድር ዳኛ። ጉትቻቸውን አስወልቃ፣ የራሷንም አውልቃ ነገሩን ሁሉ ስትዘረዝርላቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሰፈር ሰው በተጣላበት የድንበር ነገር ወረቀት ያገላብጡ ነበር። ወረቀቱን አጥፈው አስቀመጡት።

«ሰውዬውን ሸጥሽው ማለት ነዋ።»

«አዳራሽ እንዲያገኝ ብዬ ነው አባዬ።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። አሁን ከእኔ ምን ፈለግሽ?»

«ሰው ጉትቻውን አውልቆ የሚሰማው ቦታ።»

«እሱማ ለቅሶ ነው» አሉ አባቷ ሳያመነቱ።

ይህን ሶልያናም ታውቃለች። ከዓመታት በፊት በአንድ ለቅሶ ላይ የሟች አማች ጉትቻውን እንዳደረገ ድንኳን ገባ። ጉትቻው የአልቃሿን ሙሾ እንዳይከብደው ብሎ ወደ ሠርግ ዘፈን አለዝቦለት ኖሮ ሰውዬው በእግሩ ሲመታ፣ ቆይቶም ትከሻውን ሲሰብቅ ታየ። በዱላ ነው ያስወጡት። ከዚያ ወዲህ የየእድሩ መተዳደሪያ ደንብ አንድ አንቀጽ ጨመረ፦ ለቅሶ የሚደርስ ሁሉ ጉትቻውን ድንኳኑ ደጃፍ ባለው ሰፌድ ላይ አውልቆ ይገባል፤ የከተማው ሰውም ድንኳኑ እስኪነሣ መልሶ አያደርገውም። ሌላ ቦታ ማንም አያወልቅም። ለቅሶ ላይ ያላወለቀ ደግሞ ሲሞት ቀባሪ የለውም።

«ሬሳ ሳይኖር ድንኳን አልጥልልሽም» አሉ አቶ ባሮክ፣ ሐሳቧ ፊቷ ላይ ታይቷቸው። «ቅዳሜ የእድሩን ሰው ለስብሰባ እጠራልሻለሁ፤ አውልቁ ብዬ እለምናለሁ። ግማሹ እንኳ ቢያወልቅ ምን አለ። ጥሪውን በማክቤል በኩል አስነግሪ፣ በጉትቻ ከተላከማ ለዝቦ ነው የሚደርሳቸው።»

ጋሽ ማክቤል የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ናቸው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ነፍተዋል። ጉትቻ ሦስት ድምፅ እንዳያለዝብ በሕግ ተከልክሏል፤ የአምቡላንስ፣ የእሳት አደጋና የእድር ጡሩምባ ከነጥሪው። ሶልያና በወረቀት ላይ እንዲህ ብላ ጻፈችላቸው፦ «ደራሲ ያፌት በላይነህ፣ ቅዳሜ አራት ሰዓት፣ በእድሩ ግቢ። ስለ ጉድጓዱ ንግግር ያደርጋሉ። እንዳትቀሩ።» ጋሽ ማክቤል ወረቀቱን ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት፣ ኪሳቸው ከተቱት። እሷም ያፌትን ለማምጣት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ማክቤል እንደ ወትሯቸው አደባባዩ ላይ ሦስት ጊዜ ነፉ። ከዚያ የተጻፈውን አነበቡ፣ አንዲት ቃል አልጨመሩም አልቀነሱም። ግን ጡሩምባ ተነፍቶ የሰው ስም ከተጠራ ቀጥሎ ያለውን ማን ይሰማል? «ደራሲ ያፌት በላይነህ» ሲባል አንዷ እሪ አለች፣ የቀረው በእሪታው ተዋጠ። ጋሽ ማክቤልም ጡሩምባ ነፍተው እሪታ ያልሰሙበት ቀን ስለሌለ ነገሩ አልገረማቸውም። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወጣቶቹ፣ ሟቹ የማን ዘመድ እንደሆነ ሳይጠይቁ፣ ድንኳን ጣሉ፣ ንፍሮ ተጣደ፣ ለአጎራባች እድሮች መልእክተኛ ተላከ። እድር ለእድር መርዶ የሚልከው በሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ አባቷ ደወሉላት። ለዚህ ስልክ ጉትቻዋን አወለቀች።

«ሶሊ፣ ሰውዬሽን ገድለነዋል።»

ነገሩ እስኪገባት ጊዜ ወሰደ። ሲገባት ሳቋ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ደነገጠች።

«ማስተባበል አይቻልም?»

«ይቻላል። ማክቤልን ልኬ አልሞተም ማስባል ነው። ሰዉም ተገላገልን ብሎ ቤቱ ይገባል።»

«ካላስተባበልንስ?»

ከአባቷ በስተጀርባ የድንኳን ካስማ ሲመታ ይሰማል።

«ነገ አራት ሰዓት አንድ ሺህ ሰው ጉትቻውን አውልቆ ይቀመጣል አባዬ» አለች ሶልያና ቀስ ብላ። «እስከዚያ ይቆይ። ሰዉ ነፍስ ይማር ብሎ ሲጨርስ እሱን ታስነሣዋለህ። በእኔ ኃላፊነት።»

«እኔ ዳኛ ነኝ» አሉ አባቷ። «ይህን አልሰማሁም።» ስልኩን ዘጉት።

ቅዳሜ ዋርካ ሜዳ ሲደርሱ ያፌት ድንኳኑን ከሩቅ አየው።

«ለቅሶ አለ እንዴ?»

«አዎ። መጀመሪያ ደርሰን እንለፍ።»

«እንዴታ፣ ይገባል እንጂ» አለና ኮፍያውን አወለቀ። ሶልያና ተከተለችው። ደጃፉ ላይ ሰፌዶቹ በጉትቻ ሞልተዋል፤ የእሷንም ጨመረች። ያፌት የሚያወልቀው አልነበረውም። ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፣ እሷም ሁለት ሰው አልፋ ተቀመጠች። የከተማው ሰው በአካል አይቶት ስለማያውቅ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

«ማን ነው ያረፈው?» ሲል አጠገቡ ያለውን ሽማግሌ በሹክሹክታ ጠየቀ።

«አንድ ደራሲ ነው አሉ። ያፌት የሚባል።»

«የማን ልጅ?»

«የበላይነህ። ታውቀው ነበር?»

«በመጠኑ» አለ ያፌት። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞሮ ሶልያናን አያት። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች።

እንዲህ ይሆናል ብላ ያሰበችው ሌላ ነበር። የዋርካ ሜዳ ሰው ያፌትን አያውቀውም፤ ሁለት ሦስት ሰው ተነሥቶ ነፍስ ይማር ይላል፣ አባቷ ይነሣሉ፣ ነገሩ በሳቅ ያልፋል፣ ንግግሩ ይቀጥላል። መርዶው አምባ ምንጭ ይደርሳል ብላ ግን አላሰበችም። አምባ ምንጭ አሥረኛው ከተማ ነው። ከዚያ አሥራ አንድ ሰው በአንድ ሚኒባስ መጥቶ ፊት ለፊት ተቀምጧል።

ከመካከላቸው እማማ ሄቨን የተባሉ ሰባ ያለፋቸው ሴት ተነሡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

«ሌሊት አሥር ሰዓት ነው ከቤት የወጣነው» አሉ። «ውለታ ስላለብን ነው። ሟቹን አንድ ቀን ነው የሰማኋቸው። እኔ ያን ጉድጓድ አልሰጥም ብዬ ነበር፤ ባሌ ከነጓደኞቹ የቆፈረው ነው፣ ውሃው ያልቃል ብዬ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እሳቸው ያን ቀን ስሜን ጠርተው፣ አይዞሽ ሄቨን፣ ከመሬት ሥር ያለው ባሕር ነው፣ የልጅ ልጅሽም አይጨርሰው አሉኝ። በማግስቱ ፈረምኩ። ይኸው ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።»

«አሜን» አለ ድንኳኑ።

ቀጥሎ አንድ ጎልማሳ ተነሣ። «ለእኔ ስለ ውሃ አላወሩም» አለ ግራ በተጋባ ድምፅ። «ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው ያወሩኝ። ይቅር በለው አሉኝ። ይቅር አልኩት።»

«ስለ ወንድምህ?» አለው ከጎኑ ያለው። «የት?»

«እዚያው አዳራሽ፤ አጠገብህ ተቀምጬ።»

«እኔኮ ሆዴን ይዤ ነው ስስቅ የነበረው። ቀልደኛ ናቸው ብዬ ነው የመጣሁት።»

የአምባ ምንጭ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ረድፍ ላይ ተቀምጠው የሰሙትን ሲያወዳድሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፣ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ለማለት። ያፌት ያን ቀን ሰማ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ በአሥራ አንድ ከተማ የተጨበጨበለትን ነገር አንድ በአንድ ሰማ። ከዚያ ተነሥቶ በመቀመጫዎቹ መሃል ወደ ፊት ሄደ።

«ያፌት በላይነህ እኔ ነኝ» አለ።

የሆነው ሁሉ ሆነ። በስመ አብ ያለ አለ፣ ወንበር የገለበጠ አለ፣ አንዲት ሴት ራሷን ሳተች። ጋሽ ማክቤል «እኔ ያነበብኩት የተጻፈውን ነው» እያሉ ወረቀቱን ለሁሉም ያሳያሉ። አቶ ባሮክ ምሰሶውን በከዘራቸው ደጋግመው መትተው ሰዉን አስቀመጡት። ያፌት ከእማማ ሄቨን ፊት አልተንቀሳቀሰም።

«እማማ፣ እኔ እንደዚያ አላልኩም።»

«ብለዋል እንጂ። በዚህ ጆሮዬ።»

«ጆሮዎ ላይ ጉትቻ ነበረ።»

«ይኑራ። እርስዎ ካልፈቀዱ መች ያለዝባል? በአዳራሽ ሰው ሳይፈቅድ ቃሉ አይነካም።»

«አልፈቀድኩም» አለ ያፌት።

ሶልያና ተነሣች። እጇ ሳታዝዘው ወደ ባዶው ጆሮዋ ሄደ።

«እኔ ነኝ የፈቀድኩት» አለች። «ውክልና ነበረኝ። በአሥራ አንዱም ከተማ ፈርሜያለሁ። እሳቸው አያውቁም።»

ያለችው ነገር ሳይለዝብ የሁሉም ጆሮ ውስጥ ገባ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰው በቅያሜ ሲያያት የመጀመሪያዋ ነበር፤ የሰው ፊት እንዲህ እንደሚከብድ ረስታው ነበር። አባቷ ከዘራቸውን እያዩ ነው።

«አሥራ አንዱንም?» አለ ያፌት።

«አዎ።»

«ፈሪ አልኳቸውኮ» አለ፣ ለእሷ ብቻ እንደሚያወራ። «እነዚህን ሰዎች በልቤ ስሰድብ ነው የከረምኩት። ሁለት ምዕራፍ ጽፌያለሁ።» ከዚያ በእጁ ተቀመጪ አላት። ይቅርታም አላደረገላትም፣ አልጮኸባትምም።

አቶ ባሮክ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰዉ አንዴ ተሰብስቧል፣ ንፍሮም አለ። የሚባል ካለ ይባል» አሉ።

እውነቱን ለመናገር ያፌት መጥፎ ተናጋሪ ነው። ሶልያና በአዳራሾቹ ጉትቻዋን አድርጋ ስትሰማው ድምፁ ያስለቅስ ነበር፤ ያን ቀን የሰማችው ግን በየዓረፍተ ነገሩ የሚስል፣ ቁጥር የሚያበዛ፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ሌላ የሚጀምር ሰው ነው። የጉድጓዱን ጥልቀት ነገራቸው፣ የሚሳበውን መጠን ነገራቸው፣ ዘጠኝ ዓመት አላቸው። ሰዉ ያቋርጠዋል። ቀስ በል እስቲ ይሉታል፣ ከየት አመጣኸው ይሉታል።

«ካልፈረምን ማን ቧንቧ ያስገባልናል?» ብሎ አንዱ ከመሃል ጮኸበት። «አንተ ታስገባለህ?»

«አላስገባም።»

«ታዲያ ምን እናድርግ ነው የምትለን?»

«አላውቅም» አለ ያፌት። «ውሃው እንደሚያልቅ ነው የማውቀው።»

እንዲህ ያለ መልስ የሰሙበትን ጊዜ ማንም አያስታውስም። አንዲት ሴት አለቀሰች። ሁለት ጎረቤታሞች ፈርም አትፈርም ተባብለው ሊደባደቡ ሲሉ ሽማግሌዎች ገቡባቸው። ክርክሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ። አንድም ሰው አላጨበጨበም፤ ለቅሶ ላይ አይጨበጨብም።

ያፌት ሲጨርስ ቦርሳውን ይዞ ወደ ሶልያና መጣ።

«የውክልናውን ወረቀት ስጪኝ።»

ሰጠችው። አራት አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ወደ አሥራ አንዱ ከተማ እመለሳለሁ።»

«ያለ ፈቃድ አዳራሽ አይሰጡዎትም ጋሽ ያፌት።»

«ቤት ለቤት እሄዳለሁ።»

«ጉትቻቸውን አያወልቁልዎትም።»

ይህን አላሰበበትም ነበር። ሳይሰናበታት ወደ መናኸሪያው ሄደ። ሶልያና ከኋላው እያየችው አለቀሰች። ብትከተለው ምን እንደምትለው አላወቀችም፤ ስለዚህ አልተከተለችውም።

እሑድ ጠዋት የኩባንያው ሠራተኞች ጠረጴዛቸውን አደባባዩ ላይ ዘረጉ። ድንኳኑ ከተጣለ ሦስት ቀን ሳይሞላው አይነሣም ብለው አቶ ባሮክ ስለበየኑ የከተማው ሰው አሁንም ያለ ጉትቻ ነበር። ሠራተኞቹ የያዙትን ጽሑፍ አነበቡ። በባዶ ጆሮ ሲሰማ ጽሑፉ ስለ አርባ ዓመት ውል የሚያወራ ተራ ጽሑፍ ነው። ከአንድ ሺህ አንድ መቶ አባወራና እማወራ የፈረመው መቶ ሰማንያ ነበር፤ ውሉ እንዲጸና ከግማሽ በላይ ይፈልጋል። ስምንት ሰዓት ላይ ጠረጴዛቸውን አጥፈው ሄዱ። «ውሃችን ተረፈልን» አሉ አቶ ባሮክ። ልጃቸውን ግን ቀና ብለው አላዩአትም።

ለቅሶ ከሩቅ የመጣ ሰው ሳያድር አይሸኝምና የአምባ ምንጭ ሰዎች የተነሡት ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሶልያና ደጃፉ ላይ ከሰፌዶቹ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እማማ ሄቨን መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«እኛስ ልጄ?» አሏት። «እዚህ ሳይፈርሙ ቀሩ። የእኛ ውል ይፈርሳል?»

ሶልያና ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚሆን መልስ ሞልቷታል። እናያለን ይባላል፤ ጠበቃ እናማክራለን ይባላል፤ ተስፋ አይቁረጡ ይባላል። ሁሉም አፏ ላይ ነበሩ።

«አይፈርስም እማማ» አለች። «አርባ ዓመት ነው። ውሃው ደግሞ በዘጠኝ ዓመት ያልቃል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሚኒባሱ ሞተሩን አስነሥቷል፣ ሰዎቻቸው ይጠሯቸዋል። እማማ ሄቨን ሰፌዱ ላይ ጎንበስ ብለው ጉትቻቸውን ፈልገው አገኙ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉትና ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ደህና መግጠሙን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው አዩ። ከዚያ ወደ ሶልያና ዞረው ተስተካክለው ተቀመጡ።

«እስቲ አሁን ድገሚልኝ» አሏት።

ሶልያና ቃል በቃል ደገመችላቸው። እማማ ሄቨን ራሳቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው አዳመጧት፤ ግንባራቸው ቀስ በቀስ ተፈታ።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ጉንጯን ሳሟትና ወደ ሚኒባሱ ሄዱ።